የአስም ታማሚን ሰማያዊውን ፓፍ ብቻ አስይዘን አንሸኝ

ለጤና ሚኒስቴር፣
ለኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት፣
ለኢትዮጵያ ጤና መድህን አገልግሎት፣
በየጤና ጣቢያው፣ በየሆስፒታሉና በየመድኃኒት ቤቱ ለምትሠሩ ባልደረቦቼ፣

ጤና ይስጥልኝ።

በመተንፈሻ አካላት ሕክምና ላይ የምሠራ ሐኪም ነኝ። ይህን ደብዳቤ በግልጽ የምጽፈው ጉዳዩ በአንድ ቢሮ ውስጥ ተጀምሮ የሚያልቅ ስላልሆነ ነው። ግዥ የሚፈጽመውም፣ መድኃኒት የሚያዘውም፣ በመስኮት የሚያድለውም፣ ወጪውን የሚሸፍነውም እኩል ድርሻ አለው።

የምለው አንድ ነገር ነው። በአገራችን አብዛኛው የአስም ታማሚ የሚታከመው ትንፋሹን ለጥቂት ሰዓት በሚከፍትለት በሳልቡታሞል፣ ሁሉም ሰው «ሰማያዊው ፓፍ» በሚለው ብቻ ነው። ሕመሙን ከሥሩ የሚይዘው፣ በፓፍ መልክ የሚሳበው ስቴሮይድ ግን ወይ አይታዘዝለትም፣ ወይ ታዝዞለት አያገኘውም፣ ወይ አግኝቶት ዋጋውን ሲሰማ ይመለሳል። ይህ አሠራር ሰው እየገደለ ነው። ልንለውጠው እንችላለን፤ ለመለወጥም አዲስ ሕንፃ ወይም ውድ መሣሪያ አያስፈልገንም።

ባልደረቦቼ የሚያውቁትን ለሌላው አንባቢ ላስረዳ። አስም ሲነሳ የአየር ቧንቧው ጡንቻ ይኮማተራል። ከዚያ በታች ግን ሁልጊዜ ያለ፣ ታማሚው ደህና ነኝ በሚልበት ቀን እንኳ የማይጠፋ ሌላ ነገር አለ፤ የቧንቧው ውስጠኛ ግድግዳ የተቆጣ፣ ያበጠ፣ አክታ የሚያመርት ነው። ሳልቡታሞል የሚደርሰው ለጡንቻው ነው። በደቂቃዎች ውስጥ ያላላዋል፣ ታማሚው እፎይ ይላል፣ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ያህልም ይቆይለታል። ቁጣውን ግን አይነካውም። መስኮት ከፍቶ ጭሱን ማስወጣት እሳቱን አያጠፋውም። ይባስ ብሎም ሳልቡታሞል በየቀኑ ለብቻው ሲወሰድ ሰውነት ይለምደዋል፤ በጭንቅ ሰዓት የሚሰጠው ጥቅም ይቀንሳል፣ የአለርጂ ቁጣውም ይጨምራል። ታማሚው ሕክምና ላይ ያለ እየመሰለው ሕመሙ ሥር ይሰድዳል።

ይህ ዛሬ የተገኘ ነገር አይደለም። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ፣ በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ እንደ ሳልቡታሞል የአየር ቧንቧን የሚከፍተው፣ መጠኑ ከፍ ያለ የኢሶፕሬናሊን ፓፍ ገበያ ላይ ሲውል በአስም የሚሞቱ ወጣቶች ቁጥር በድንገት አሻቀበ። ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ኒውዚላንድ ውስጥ ፌኖቴሮል የተባለው ተመሳሳይ መድኃኒት ሲስፋፋ ሞቱ እንደገና ጨመረ፤ አጠቃቀሙ ሲገደብ ቀነሰ። በ2014 እ.ኤ.አ. የብሪታንያ ባለሙያዎች በአንድ ዓመት ውስጥ በአስም የሞቱ 195 ሰዎችን ፋይል አንድ በአንድ መርምረው ያወጡት ሪፖርት ሁላችንም ልናነበው የሚገባ ነው። የወሰዱት የማስታገሻ ፓፍ ብዛት ከተመዘገበላቸው 165 ሰዎች መካከል 39 ከመቶዎቹ በመጨረሻው ዓመት ከ12 በላይ ፓፍ ታዝዞላቸው ነበር። ከወር ወር ሰማያዊ ፓፍ ሲያድሱ «ምን ሆነህ ነው ይህን ያህል የጨረስከው?» ተብለው መጠየቅ ነበረባቸው።

በሌላ በኩል የሚሳበው ስቴሮይድ የሚያደርገውን እናውቃለን። በካናዳ ሳስካችዋን ግዛት የተደረገና በ2000 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አንድ ታማሚ በዓመት ውስጥ በተጠቀመው በእያንዳንዱ ተጨማሪ የስቴሮይድ ፓፍ በአስም የመሞት ዕድሉ በ21 ከመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ጥናቱ የተመለከተው አነስተኛ መጠን ያለውን ፓፍ ነው።

ለዚህም ነው ጊና በሚል ምህጻረ ቃል የሚታወቀው ዓለም አቀፍ የአስም ተቋም በ2019 እ.ኤ.አ. አቋሙን የለወጠው። ከዚያ ወዲህ ዕድሜው 12 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ማንኛውም የአስም ታማሚ፣ ሕመሙ ቀላል ቢሆንም እንኳ፣ በሳልቡታሞል ብቻ እንዲታከም አይመከርም። የተመረጠው መንገድ ቡዴሶናይድ የተባለውን ስቴሮይድና ፎርሞቴሮልን በአንድ ፓፍ አጣምሮ የያዘው መድኃኒት ነው። ፎርሞቴሮል እንደ ሳልቡታሞል በፍጥነት ስለሚከፍት ታማሚው ጭንቅ ሲለው ይስበዋል፤ በሳበ ቁጥር ቁጣውን የሚያበርደውንም አብሮ ያገኛል። በ2018 እ.ኤ.አ. በታተመ ትልቅ ጥናት ቀላል አስም ያለባቸው ሰዎች ይህን ሲያስፈልጋቸው ብቻ ሲወስዱ፣ ማስታገሻ ብቻ ከወሰዱት ጋር ሲነጻጸሩ ከባድ የሕመም መነሳት በ64 ከመቶ ቀንሶላቸዋል። መድኃኒቱ በዓለም ጤና ድርጅት የአስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ይገኛል። የ2025 እ.ኤ.አ. የዓለም አስም ቀን መሪ ቃልም የሚሳቡ መድኃኒቶች ለሁሉም ይዳረሱ የሚል ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. 262 ሚሊዮን ሰዎች አስም እንደነበረባቸውና 455,000 ሰዎች በዚሁ እንደሞቱ ይገምታል፤ ከሟቾቹ አብዛኞቹ እንደኛ ባሉ አገሮች የሚኖሩ ናቸው።

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ። ተመላላሽ ክፍል ውስጥ አንዲት እናት ከቦርሳቸው አውጥተው ጠረጴዛ ላይ የሚደረድሩትን የማያውቅ ሐኪም ያለ አይመስለኝም። ሁለት ሰማያዊ ፓፍ፤ አንዱ ባዶ ነው፣ ግን ቆጣሪ ስለሌለው አሁንም ሲጫን ጭስ የመሰለ ነገር ስለሚወጣው እሳቸው መድኃኒት ያለው ይመስላቸዋል። በትንሽ የላስቲክ ከረጢት የታሰረ የሳልቡታሞል ክኒን። ያለ ማዘዣ የተገዛ ፕሬድኒሶሎን፣ ማለትም የሚዋጥ ስቴሮይድ፤ «ይቺ ነች የምታሽለኝ፣ ሲያፍነኝ ለሦስት ቀን እወስዳታለሁ» ይላሉ። ከዚያ ከሥር፣ አራት ቦታ የታጠፈ፣ በላብ የረጠበ አሮጌ ማዘዣ። ላዩ ላይ ቤክሎሜታዞን የተባለው የሚሳብ ስቴሮይድ ተጽፏል፤ ጀርባው ላይ በቀይ እስክርቢቶ «የለም»። ፊታቸው አብጧል፣ የእጃቸው ቆዳ ሳስቷል፣ ካርዳቸው ውስጥ ደግሞ ካለፈው ዓመት ጀምሮ የስኳር ክትትል ተጨምሯል።

እኚህ እናት ያጡት በሽታቸውን የሚያውቅ ሰው አይደለም። ማዘዣው ትክክል ነበር። መስኮቱ ላይ ያለው ባልደረባችንም ሐሰት አልተናገረም፤ መድኃኒቱ በእርግጥ አልነበረም። የሳልቡታሞል ፓፍ ግን ነበር፣ እሱን ሰጥቶ ሸኛቸው። ስህተቱ እዚህ ጋ ነው። አንዱ ሲኖር ሌላው እንዳይጠፋ የሚያስገድድ አሠራር የለንም።

ስለ ፕሬድኒሶሎን ጠበቅ አድርጌ መናገር አለብኝ። በከባድ የአስም መነሳት ሕይወት የሚያድን መድኃኒት ነው። ነገር ግን በየሁለት ወሩ ያለ ማዘዣ እየተገዛ ሲወሰድ፣ ወይም ዴክሳሜታዞን የተባለው ሌላ ስቴሮይድ «አንድ መርፌ ወግተኸኝ ልሂድ» እየተባለ በየክሊኒኩ ሲወጋ ዋጋው ከባድ ነው። በሕይወት ዘመን አራት ወይም አምስት ጊዜ ብቻ እንኳ መውሰድ በአዋቂዎች ላይ ለስኳር፣ ለአጥንት መሳሳት፣ ለዓይን ሞራና ለልብ ድካም ያለውን ስጋት ከፍ ያደርጋል። የሳንባ ነቀርሳ በሰፊው ባለበት አገር ደግሞ የሰውነትን መከላከያ ማድከም ሌላ አደጋ ነው። ብዙ ሰው ይህን ክኒን ሳይፈራ ወስዶ የሚሳበውን ስቴሮይድ ይፈራዋል። በፓፍ የሚሳበው መጠን የሚለካው በማይክሮግራም ነው፤ የክኒኑ በሚሊግራም። በቀጥታ ሳንባ ላይ ስለሚያርፍም ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ነው።

ፓፍ ሱስ ያስይዛል፣ ልብ ያደክማል፣ አንዴ ከተጀመረ መድኃኒቱ ሁሉ አበቃ የሚለውን ወሬ ሁላችንም እንሰማለን። ወሬው ከመሬት አልተነሳም። ሰዎች በሰፈራቸው ያዩት ሰው ሰማያዊውን ብቻ እየሳበ፣ እየሳበ፣ በመጨረሻ ድንገተኛ ክፍል ደርሶ የሞተ ሰው ነው። ትክክለኛው መድኃኒት ያልደረሰው ሰው መሆኑን ማን ይነግራቸዋል? እኛው ነን።

አስም የከተማ ሰው በሽታ ነው የሚለውም ሳይታረም አይለፍ። በ1997 እ.ኤ.አ. የታተመው የጅማ ጥናት በከተማው ከገጠሩ በልጦ መገኘቱን አሳይቷል፤ ይህ ማለት ግን ገጠሩ ነፃ ነው ማለት አይደለም። መስኮት በሌለው ማድ ቤት በማገዶ እንጀራ የምትጋግር ሴት፣ በከሰልና በእጣን ጭስ በተሞላ ክፍል የሚያድግ ሕፃን የትም አለ። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሳንባ ስፔሻሊስቶች ሥልጠና በ2013 እ.ኤ.አ. ከተጀመረ ወዲህ ቁጥራችን ጨምሯል፤ ቢሆንም አብዛኛው የአስም ታማሚ ስፔሻሊስት ሳያይ ነው የሚታከመው። እሱን የሚያየው የጤና መኮንን ወይም ነርስ ነው። ስለዚህ የምጠይቀው ሁሉ ጤና ጣቢያ ላይ የሚሠራ መሆን አለበት።

ለመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት፦ የሳልቡታሞል ፓፍ በሚላክበት ጤና ተቋም ሁሉ የሚሳብ ስቴሮይድ አብሮ ይላክ። ቢያንስ ቤክሎሜታዞን። ሁለቱ በግዥ ዕቅድ ላይ እንደ አንድ ዕቃ ይታዩ፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላው እንዳለቀ ይቆጠር። ቡዴሶናይድ ፎርሞቴሮል በጅምላ ሲገዛና በችርቻሮ ሲሸጥ ያለው የዋጋ ልዩነት ሰፊ እንደሆነ እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ። የሳልቡታሞል ክኒንና ሽሮፕም ከዝርዝሩ ቀስ በቀስ ይውጣ። ዘግይቶ ይሠራል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ልብ ያስመታል፤ ርካሽ መሆኑ ብቻ ነው ገበያው ላይ ያቆየው።

ለጤና መድህን አገልግሎት፦ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን አባል መዋጮውን ከፍሎ፣ መድኃኒቱ የለም ተብሎ ከግል መድኃኒት ቤት በራሱ ገንዘብ ሲገዛ መድህኑ ትርጉም ያጣበታል። ለአስም ይህ በየወሩ የሚደጋገም ወጪ ነው። ታማሚው የሚሳበውን ስቴሮይድ መግዛት ሲያቅተው ድንገተኛ ክፍል ገብቶ በኦክስጅን ሲታከም ግን ትከፍላላችሁ።

ለጤና ሚኒስቴር፦ አንድ መረጃ ብቻ በየሩብ ዓመቱ ይሰብሰብ። አንድ ተቋም ስንት ሳልቡታሞል ፓፍ አደለ፣ ስንት የሚሳብ ስቴሮይድ አደለ? ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ማስቀመጥ የዚያን ወረዳ የአስም ሕክምና ከማንኛውም ረጅም ሪፖርት በተሻለ ያሳያል። መረጃው መድኃኒት ክፍሉ ውስጥ ተመዝግቦ ተቀምጧል።

ባልደረቦቼ፣ አሁን ለእናንተ ነው። የሚመጣውን ግዥ እየጠበቅን ነገ ጠዋት ልናደርገው የምንችለው ብዙ አለ።

ቡዴሶናይድ ፎርሞቴሮል ባለበት፣ ዕድሜው 12 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ታማሚ 200 በ6 ማይክሮግራም የሆነውን ሲያስፈልገው አንድ ጊዜ እንዲስብ አስተምሩት፤ ሕመሙ ከባድ ከሆነ ጠዋትና ማታ ይጨመርለት፤ በአንድ ቀን ከ12 ጊዜ በላይ እንዳይስብ። ከሳልሜቴሮል ጋር የተጣመረውን በዚህ መንገድ መጠቀም አይቻልም፤ ሳልሜቴሮል ቶሎ አይከፍትም። ጥምሩ በሌለበት ሳልቡታሞልና ቤክሎሜታዞን ለየብቻ ይሰጡ፤ ሕመሙ በወር አንዴ ሁለቴ ብቻ የሚነሳበት ታማሚም ሰማያዊውን በሳበ ቁጥር ቤክሎሜታዞኑን አስከትሎ እንዲስብ ንገሩት። ከ6 እስከ 11 ዓመት ላሉ ልጆችም ይኸው ዘዴ ይሠራል። በቀለም ብቻ አትተማመኑ፤ አምራቹ ሲለያይ ቀለሙም ይለያያል፤ ስሙን አንብበው እንዲለዩ አድርጉ።

አንድ ፓፍ 200 ጊዜ ይሳባል። በዓመት ሦስት ሰማያዊ ፓፍ የጨረሰ ሰው በአማካይ በቀን ሁለት ጊዜ እንኳ አልሳበም፤ ሆኖም ድንገተኛ ክፍል የመግባት ዕድሉ ከፍ ማለት የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። በዓመት 12 የጨረሰ ደግሞ የመሞት ዕድሉ ይጨምራል። ፋርማሲስቶች፣ ይህን ከማንም ቀድማችሁ የምታዩት እናንተ ናችሁ። ሦስተኛውን ፓፍ ስትሰጡ «ሌላውስ መድኃኒት አለዎት?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ከሌላቸው ወደ ሐኪም ላኳቸው።

ታማሚው ሲስብ በዓይናችሁ እዩት። «አዎ፣ አውቃለሁ» ያለውን ሁሉ አትመኑ። ብዙዎቹ ሳይነቀንቁት ይጭናሉ፣ ወይም ጭነው ከጨረሱ በኋላ ይስባሉ፣ ወይም በአፍንጫቸው ይስባሉ። ነቅንቆ፣ ትንፋሹን አውጥቶ፣ በከንፈሩ ገጥሞ፣ መሳብ ሲጀምር ተጭኖ፣ በዝግታ ወደ ውስጥ ስቦ፣ አሥር ሰከንድ ያህል ይያዘው። ስቴሮይድ ከሆነ አፉን ተጉመጥምጦ ይትፋ።

ስፔሰር፣ ማለትም ፓፉ ላይ ተገጥሞ መድኃኒቱን ለመሳብ የሚያግዘው ዕቃ፣ የለንም ማለት ይብቃ። የኬፕ ታውን ሐኪሞች በ1999 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ከግማሽ ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ የተሠራ ስፔሰር አስማቸው ለተነሳባቸው ልጆች በፋብሪካ ከተሠራው እኩል እንደሚሠራ አሳይተዋል። ባዶ የውኃ ጠርሙስ በየጤና ጣቢያው ቅርጫት ውስጥ ሞልቷል። ጠርሙሱን በሳሙና ውኃ እጠቡት፣ ሳትወለውሉ አንጠልጥላችሁ አድርቁት፤ ከተወለወለ ግድግዳው መድኃኒቱን ስቦ ያስቀረዋል። ከዚያ በታችኛው በኩል በጋለ ሽቦ የፓፉን አፍ ቅርጽ ተከትላችሁ ብሱት፣ ፓፉን አጥብቃችሁ አስገቡ፣ ዙሪያውን በማጣበቂያ ድፈኑት። ልጁ በጠርሙሱ አፍ በኩል ይተንፍስ፤ አንድ ጊዜ ተጭናችሁ አራት አምስት ጊዜ ይተንፍስ፣ ከዚያ ሁለተኛውን። ትንንሽ ሕፃናት አፍንጫቸውንም የሚሸፍን ጭምብል ያስፈልጋቸዋል።

በዚሁ ጠርሙስ ድንገተኛ ክፍልም ይሠራል። መድኃኒትን ወደ ጭጋግ የሚለውጠው ኔቡላይዘር እስኪገኝ፣ መብራት እስኪመጣ አትጠብቁ። ሳልቡታሞል ከ4 እስከ 10 ጊዜ ተጭኖ ይሳብ፤ ይህም በየ20 ደቂቃው ለአንድ ሰዓት ይደገም። ኦክስጅን ለአዋቂ ከ93 እስከ 95 ከመቶ እስኪደርስ። ፕሬድኒሶሎን መዋጥ ለሚችል በአፍ፤ ለአዋቂ በቀን እስከ 50 ሚሊግራም ለአምስት እስከ ሰባት ቀን። በመርፌ የሚሰጠው ከሚዋጠው አይበልጥም። አሚኖፊሊን በደም ሥር መስጠት ይቅር፤ ጥቅሙ ትንሽ፣ በልብ ላይ የሚያስከትለው አደጋ ግን ትልቅ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ያቃተው፣ የሚንቀላፋ፣ ወይም ደረቱ ሲር ሲር ማለት አቁሞ ጸጥ ያለ ታማሚ የተሻለው እንዳይመስላችሁ፤ በአፋጣኝ ይላክ። የዳነውን ደግሞ የሚሳብ ስቴሮይድ ሳይዝ ከበር አታስወጡት። ድንገተኛ ክፍል ገብቶ የወጣ ሰው በሚቀጥሉት ወራት ከሌላው በላይ አደጋ ላይ ያለ ሰው ነው።

አፍንጫውንም ጠይቁ። «ሳይነስ አለብኝ» የሚለው ብዙ ሰው የአፍንጫ አለርጂ ያለበት ነው፤ ጠዋት ያስነጥሰዋል፣ አፍንጫው ይዘጋል፣ ዓይኑን ያሳክከዋል። እሱ ሳይታከም አስሙን ማረጋጋት ይከብዳል። አንቲባዮቲክ እየተደጋገመ መስጠቱ ምንም አይፈይድለትም።

ለጽሑፌ መልስ እጠብቃለሁ። በተለይ ከመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ማወቅ የምፈልገው በሚቀጥለው የግዥ ዕቅድ ላይ ከእያንዳንዱ ሳልቡታሞል ፓፍ ጎን ስንት ቤክሎሜታዞንና ስንት ቡዴሶናይድ ፎርሞቴሮል እንደተያዘ ነው። ቁጥሩ ከቀጣዩ የዓለም አስም ቀን፣ ማለትም በፈረንጆች አቆጣጠር ከሜይ ወር የመጀመሪያ ማክሰኞ በፊት ለሕዝብ ይፋ ቢሆን ታማሚዎቹም፣ እኛም የምንጠብቀውን እናውቃለን። ጤና ጣቢያዎች ላይ ለሚሠሩ ባለሙያዎች ፓፍ አጠቃቀምና የጠርሙስ ስፔሰር አሠራር ለማስተማር እኔም፣ በሙያው ያሉ ባልደረቦቼም ያለ ክፍያ ዝግጁ ነን፤ የምንጠይቀው መድኃኒቱ እዚያ እንዲገኝ ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
በመተንፈሻ አካላት ሕክምና ላይ የምሠራ ሐኪም
አዲስ አበባ